የመጠጥ ዋጋና የሰው ክብር

ወጣቶች ሆይ፤ የከተማ ታሪክ ሲጻፍ የገዢው ስምና የገበያው ሀብት ይቈጠራል። በዚያ ከተማ ለእንግዳው ምግብ ያቀረበችው፣ ብርጭቆውን ያጠበችው ሴት ግን አትቈጠርም።

ጅማ ሂርማታ በሚባለው ገበያዋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የነጋዴ አገር ናት። በ1945 ዓ.ም. በብራዚል ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል ስላቃጠለ፣ በ1946 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ አለ። በዚያ ዘመን ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ቡና ለቃሚው፣ ነጋዴውና የመኪና ነጂው ይጐርፍ ነበር። ገንዘብ ባለበትም ጠጅ ቤቱና ቡና ቤቱ ይበዛል። ትዳር የፈረሰባቸው፣ ወላጅ የሞተባቸው ሴቶችም እንጀራ ፍለጋ ከሩቅ አገር እየመጡ በዚያ ተቀጠሩ።

እንዲህ ያለችው ሴት ማደሪያዋ የቡና ቤቱ ጓሮ፣ ገቢዋም የጠጪው ጉርሻ ሲሆን፣ ክፉ ቃል ብትሰማ ዝም ትላለች፤ ብትመታም ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ብትናገር ሥራዋንም ማደሪያዋንም በአንድ ቀን ታጣለችና፤ የሚያስጠጋትም ዘመድ በአገሩ የላትም።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድብደባንም አስገድዶ መድፈርንም ይቀጣ ነበር። ነገር ግን «የቡና ቤት ሴት» ተብላ የተናቀችው ሰው አቤቱታዋን የሚሰማላት ማን ነው? ስሟን ያዋረደ ሕዝብ በደሏን በደል ብሎ አይጠራውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በሥራ ቦታ ፆታዊ ትንኮሳንና ፆታዊ ጥቃትን አሠሪውም ሠራተኛውም እንዳይፈጽም ከለከለ፤ አሠሪዋ ወይም ሥራ መሪው ይህን ቢያደርስባት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅ እንደምትችልም ደነገገ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጄኔቭ የጸደቀው 190ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ደግሞ ደንበኛ የሚያደርሰውን ጥቃት ጭምር ያስባል።

ይሁን እንጂ ሕግ በየጠረጴዛው አይቀመጥም፤ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ለመጠጥ የተከፈለ ዋጋ የመጠጡ ዋጋ ብቻ ነው፤ ያቀረበችውን ሰው አይገዛም። ጓደኛችሁ እጁን ሲሰነዝር አብራችሁ ብትስቁ፣ ሣቃችሁ ለእርሱ ፈቃድ፣ ለእርሷ ሁለተኛ በትር ይሆናል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላልና፣ ያን ጊዜ እጁን ያዙት፤ ነገ ምስክር ስትፈልግም እውነቱን ተናገሩላት።