የውኃ «ሃርድነስ» በቀለም ለውጥ እንዴት ይለካል?

በማንቆርቆሪያና በውኃ ማሞቂያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ ሳሙናም አረፋ አልሰጥ ማለቱ፣ በውኃው ውስጥ የሟሙ የካልሲየምና የማግኒዚየም አዮኖች መብዛታቸውን ያመለክታል፡፡ ባለሙያዎች ይህን የውኃ ባሕርይ «ሃርድነስ» ይሉታል፡፡

ለቤተሰብ ጉዳዩ የሳሙናና የኤሌክትሪክ ወጪ ነው፡፡ በፋብሪካ ቦይለር ውስጥ ግን ቅርፊቱ ሙቀት ወደ ውኃው እንዳያልፍ ስለሚከለክል ነዳጅ ያባክናል፤ ብረቱም ከመጠን በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል፡፡ በኩላሊት እጥበት ክፍል አደጋው የባሰ ነው፡፡ የውኃ ማጣሪያው ሥራውን ካቆመ አዮኖቹ ወደ ሕሙማኑ ደም ገብተው ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የደም ግፊት መጨመር ያስከትላሉ፡፡ ስለዚህ መለካቱ ለይደር የሚተው ሥራ አይደለም፡፡

በዐለት መካከል ለረዥም ጊዜ የቆየ የጉድጓድ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውኃ ይልቅ እነዚህን አዮኖች በብዛት ይይዛል፡፡ አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶችም ውኃ ስለምታገኝ፣ የአንዱ ሰፈር ውጤት ለሌላው ላይሠራ ይችላል፡፡

የተለመደው የመለኪያ ዘዴ ታይትሬሽን ነው፡፡ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ኢዲቲኤ የተባለ ውህድ ሲሆን፣ አንዱ የኢዲቲኤ ሞለኪውል አንድ የብረት አዮን አቅፎ ይይዛል፡፡ ውህዱን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለዚህ ዓይነት ልኬታ ያዋሉት ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ጌሮልድ ሽቫርትሰንባህ ናቸው፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ በፍላስክ ይቀዳል፡፡ ፒኤቹ 10 ላይ እንዲጸና የአሞኒያ በፈር ይጨመርበታል፡፡ ቀጥሎ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለው ቀለም ጠቋሚ በጥቂቱ ይገባል፡፡ ጠቋሚው ከማግኒዚየም ጋር ሲጣመር ውኃው የቀይ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል፡፡ ከዚያ ኢዲቲኤ ከቡሬት ይንጠባጠባል፡፡ ኢዲቲኤ በመጀመሪያ ነፃ አዮኖቹን ይይዛል፤ በመጨረሻም በጠቋሚው የተያዘውን ማግኒዚየም ይነጥቀዋል፡፡ ቀዩ ጠፍቶ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን ሥራው አበቃ፡፡

ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ 0.01 ሞላር ከሆነው ኢዲቲኤ 1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ጋር እኩል ነው፡፡ ለ50 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.5 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ ሃርድነሱ በሊትር 170 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው፡፡ በተለመደው የአሜሪካ አከፋፈል እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ሃርድ፣ ከ180 በላይ ደግሞ በጣም ሃርድ ይባላል፡፡

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች አሉ፡፡ በፈሩ ከተጨመረ በኋላ ካልሲየሙ እንዳይዘቅጥ ልኬታውን በ5 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ይገባል፡፡ ሆኖም መጨረሻው ላይ የቀለሙ ለውጥ አዝጋሚ ስለሆነ ጠብታው መሳሳት አለበት፡፡ የተጣራ ውኃ ማግኒዚየም ከሌለው ቀለሙ በግልጽ አይለወጥምና ጥቂት የማግኒዚየምና የኢዲቲኤ ጥምር ይታከልበታል፡፡ ብረት፣ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ካለ ጠቋሚውን አጥብቀው ስለሚይዙት ቀዩ አልለቅ ይላል፤ እነዚህን አስቀድሞ በሌላ ኬሚካል መሸፈን ያስፈልጋል፡፡ ካልሲየምን ለብቻው ለመለካት ደግሞ ፒኤቹ ወደ 12 ወይም 13 ከፍ ይደረጋል፡፡ ያን ጊዜ ማግኒዚየሙ ይዘቅጣል፤ ጠቋሚውም በሌላ፣ ለምሳሌ በሚዩሬክሳይድ፣ ይተካል፡፡

በመጨረሻ መታወቅ ያለበት፣ ሃርድ ውኃ የግድ ጎጂ የመጠጥ ውኃ አለመሆኑ ነው፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት ከጤና አንጻር ለሃርድነስ ያስቀመጠው ገደብ የለም፡፡ በአንጻሩ ሰማያዊው ቀለም ስለ ባክቴሪያም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ስለሚታወቀው ፍሎራይድ አንዳች አይናገርም፡፡ ለእነርሱ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፡፡