ብራና እየዳመጡ መማር፦ የጋይንት የዜማ ጉባኤ ቤቶች

በቤተ ክህነት ትምህርት ታሪክ የደቡብ ጎንደሯ ጋይንት በሁለት ጉባኤ ቤቶች ትታወቃለች፤ በቤተልሔምና በዙር አምባ። ቤተልሔም የዜማው መጽሐፍ የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ዜማዎች ማስመስከሪያ ናቸው። ከጎጃምም ይምጣ ከሸዋ፣ ድጓ የዘለቀ ተማሪ ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ መምህርነቱ ሙሉ አይባልም ነበር። በቆማ፣ በአጫብርና በተጉለት ስም የሚጠሩ የድጓ ስልቶች ቢኖሩም በስፋት የተሠራጨው የቤተልሔሙ ነው።

የዜማው መነሻ አክሱም ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን እንደነበረ ይነገራል፤ ትውፊቱም ያሬድ ዙር አምባ ወጥቶ እንዳስተማረ ያወሳል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት በተድባበ ማርያም ሥርዓት አስያዙለት። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሱ ጥንትን በጉያው ይዞ የኖረ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓክንሃም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጋይንት በመጣ ጊዜ ከውጭ ያየው እንደማንኛውም የገጠር ደብር በሣር የተከደነ ክብ ቤት ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በዚያው ጣሪያ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ያየውንም በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጻፈው።

በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ስለ ጥንት ዘመን ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት የለም። ልጁ ጥንትን የሚያውቀው የጥንቱን ሥራ ራሱ ሲሠራው ነው፤ ቆዳውን ይፍቃል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ መቃውን ይቀርጻል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጽፈው። ሌላውም ዓለም በዚህ መንገድ አልፏል። ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት በሜሶጶጣሚያዋ ኒፑር ይማሩ የነበሩ የሱመር ጽሕፈት ተማሪዎች የጭቃ ሰሌዳቸውን በእጃቸው እያበጁ የመምህራቸውን ምልክት ይገለብጡ ነበር። ዛሬ የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚየሞች ልጆችን በጭቃ ላይ ያንኑ ምልክት እያስጻፉ ታሪክ ያስተምራሉ። በጋይንት ግን ነገሩ ለትምህርት ተብሎ እንደገና የተፈጠረ አይደለም፤ ሳይቋረጥ የመጣ የኑሮ ሥራ ነው።

ተማሪው ከፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልንና ዳዊትን በግእዝ ንባብ፣ በውርድና በቁም ንባብ እያለ ይዘልቃል። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ የሚደርሱት ትምህርቱን ለመስማትና ለማረም ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ዜማ ቤት ይሄዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው በንፋስ መውጫ ዙሪያ ባለው ደጋ ይህ ቀላል ኑሮ አይደለም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ እንጨቱን ይለቅማል፣ የዕለት ጉርሱን በየደጁ እየለመነ ያገኛል።

የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ራሱ ይጽፍ ነበር። ሥራው ከፍየል ቆዳ ይነሣል። ቆዳው ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ተስቦ ይወጠራል። የሥጋው ወገን በመፋቂያ ተፍቆ ስቡና ሥጋው ይወጣለታል፤ ጠጉሩም ይላጫል። ቀጥሎ በድንጋይ እየታሸ ይዳመጣል። ጥሩ ብራና ወደ ብርሃን ሲያዩት ቁስልና ጠባሳ የሌለበት፣ ሲነኩት የለሰለሰ ነው። ያልጠራ ስብ ቀለም አይቀበልም፤ ከልክ በላይ የተፋቀ ቦታ ይቀደዳል፣ በጅማትም ይሰፋል። በአሮጌ መጻሕፍት ገጽ መካከል ጽሑፉ ዞሮ የሚያልፋቸው የተሰፉ ቀዳዳዎች ከዚሁ የመጡ ናቸው። እነዚያን ስፌቶች ያየ ልጅ በእሱ ላይ የደረሰው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በሌላ ተማሪ ላይም ደርሶ እንደነበር ይረዳል። ይህን የሚያህል የታሪክ ትምህርት በቃል ብቻ ማስተማር ይከብዳል።

ብራናው በልኩ ተቆርጦ ከታጠፈ በኋላ ጠርዙ በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም ቀለም የሌለው መስመር ተጭኖ ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ተወቅጦ፣ ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ ብዙ ቀን እንዲብላላ ይደረጋል። ቀዩ የቅዱሳን ስምና የክፍል መነሻ የሚጻፍበት ነው። ሁለቱም በቀንድ ይቀመጣሉ፤ ቀንዱ መሬት ላይ ይተከልና ጸሐፊው መቃውን እየነከረ ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል።

ድጓ ከሌላ መጽሐፍ ይልቅ እጅን ይፈትናል። ቃሉ ከተጻፈ በኋላ በላዩ ባለው ጠባብ ቦታ ምልክቱ በጥቃቅኑ ይሰፍራል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ናቸው። አንዱ ምልክት ከቦታው ቢስት ዜማው ይሰበራል። ስለዚህ ተማሪው የሚገለብጠውን ሁሉ በጉሮሮው እያለ ይገለብጣል፤ እጁ ሲሳሳት ጆሮው ያርመዋል። ቀን በመጽሐፍ የተማረውን ሌሊት በጨለማ በቃሉ ያጠናል። ድጓን ዘልቆ ለማስመስከር ብዙ ዓመት የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

በአቋቋም ቤት ትምህርቱ መላ ሰውነትን ይይዛል። መቋሚያው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ከእግር አረማመድ ጋር ይጠናሉ። ጸናጽል የጥንት ግብፆች በቤተ መቅደስ ያንሿሿት የነበረችው መሣሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። የግብፁ በየሙዚየሙ መስታወት ውስጥ ሲቀር፣ እዚህ ያለው በወጣቶች እጅ በየበዓሉ ይሰማል። ከአቋቋም ስልቶች አንዱ የሆነው ተክሌ የአለቃ ገብረ ሐናን ልጅ ስም የያዘ ሲሆን ማእከሉ የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ናት። በነሐሴ 13 የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ደግሞ የተማሪዎች በዓል ነው። ከሕዝቡ እህል አሰባስበው ጠላ ይጠምቃሉ፣ ድግሱንም ራሳቸው ያሰናዳሉ፤ የሰፈሩ ልጆች በበኩላቸው ጅራፍ ገምደው ያጮሃሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ።

የታተመ መጽሐፍና ደብተር ከመጡ ወዲህ ብራና የሚዳምጥ ተማሪ እያነሰ ሄዷል። ብዙው ተማሪ ድጓውን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይገለብጣል ወይም የታተመውን ይይዛል፤ ዜማውንም በስልክ ቀርጾ ደጋግሞ ይሰማል። ቅጸላው፣ የሌሊቱ የቃል ጥናትና ማስመስከሩ ግን አልተተዉም። የብራናው ሥራ በአብዛኛው ለሥዕልና ለገበያ መጽሐፍ በሚሠሩ ጥቂት ባለሙያዎች እጅ ገብቷል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የአክሱም ታሪክ ከመማሪያ መጽሐፍ ይነበባል፤ የአካባቢው ብራና ፋቂ ግን ወደ ክፍሉ አይጠራም። አንድ ውጥር ቆዳ፣ አንድ ቀንድ ቀለምና አንድ መቃ ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ የግማሽ ቀን ክፍለ ጊዜ መስጠት ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ደግሞ መምህሩ ከደጃቸው የሚገኝ ነው።