የሙጫ ዕጣን በሂንዱ ቤቶች እና የዛፎቹ ዕጣ ፈንታ

በደቡብ ህንድ በምትገኘው የታሚል ናዱ ግዛት፣ አርብ ምሽት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ የተለመደ ሥራ ይጀመራል። ቤቱ ይጸዳል፤ የኮኮናት ቅርፊት ከሰል ይቀጣጠላል፤ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ቁንጥር ሙጫ ይጨመርበታል። ጢሱ በመጀመሪያ በጸሎት ጥግ ለተቀመጡት የአማልክት ምስሎች ይቀርባል። ከዚያም ማጨሻው ክፍል ለክፍል ይዞራል፤ በመጨረሻም ደጃፍ ይደርሳል። ዕጣንን ከቤተ ክርስቲያን ጽና እና ከቡና ረከቦት ጎን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሥርዓቱ እንግዳ ቢሆንም ጢሱ ባዕድ አይሆንበትም።

ይህ ልማድ በህንድ ምድር ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የቆየ ነው። ዛሬ ግን ጥያቄ ተደቅኖበታል። በየዕለቱ በፍም ላይ የሚቀልጠው ሙጫ የሚገኘው ከዛፍ ቁስል ነው፤ ከዛፎቹ አንዱ ደግሞ ከዱር ሊጠፋ ተቃርቧል።

ዱፓ ምንድን ነው?

በሂንዱ እምነት በቤት ወይም በቤተ መቅደስ የሚፈጸመው የአምልኮ ሥርዓት ፑጃ ይባላል። በሥርዓቱ አምላክ እንደ ክቡር እንግዳ ይቆጠራል፤ መቀመጫ፣ ውኃ፣ ልብስ፣ አበባ እና ምግብ ይቀርብለታል። የተሟላው ሥርዓት አሥራ ስድስት ስጦታዎችን ይይዛል። በቤት ውስጥ የሚዘወተረው አጭሩ ሥርዓት ግን አምስት ስጦታዎች አሉት፤ እነርሱም ሽቱ፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት እና ምግብ ናቸው። ዕጣኑ በሳንስክሪት ቋንቋ ዱፓ ይባላል። አምስቱ ስጦታዎች የአምስቱ ባሕርያት ምሳሌ ተደርገው ሲተረጎሙ ዱፓ የነፋስ ድርሻ ይሆናል፤ ጢሱ እንደ አየር በማይታዩ ቀዳዳዎች ሁሉ ይገባልና።

የዕጣን ስም በጥንታዊ የህንድ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ከአራቱ ቬዳዎች አንዱ የሆነው አታርቫ ቬዳ ጉጉል የተባለውን ሙጫ ደዌን ከሚያርቁ ነገሮች ጋር ያነሣዋል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሥነ ከዋክብት ሊቅ ቫራሃሚሂራ ደግሞ ብርሃት ሳምሂታ በተባለው ሥራው ውስጥ ስለ ሽቱና ዕጣን ቅመማ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አካትቷል።

አራት ሙጫዎች፣ አራት ዛፎች

በህንድ ቤቶች የሚጤሰው ሙጫ እንደየአካባቢው ይለያያል። በስፋት የሚታወቁት የሚከተሉት ናቸው።

ጉጉል፦ በራጃስታን እና በጉጃራት ግዛቶች ደረቅ ምድር ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ይገኛል። ተክሉ የከርቤ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ሙጫው ቡናማ፣ ሲሞቅ የሚለሰልስ እና ከበድ ያለ መዓዛ ያለው ነው። ከአምልኮ ባሻገር በባህላዊው የአዩርቬዳ ሕክምና እጅግ ተፈላጊ ነው።

ሳላይ፦ በማዕከላዊ ህንድ ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ ከሚበቅል ዛፍ ይገኛል። ይህ ዛፍ በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች ዕጣን ከሚሰጠው ዛፍ ጋር የአንድ ወገን ነው፤ የሙጫው ሽታም ለኢትዮጵያዊ አፍንጫ ቅርብ ነው።

ዱኖ፦ በሰሜንና በምሥራቅ ህንድ ሰፊ ደን ከሚሠራው ሳል ከተባለው ትልቅ ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ሲሆን፣ በሂንዲ ቋንቋ ራል ይባላል። የቤንጋል ሕዝብ በዓላት ያለ እርሱ አይታሰቡም።

ሳምብራኒ፦ የደቡብ ህንድ ተመራጭ ዕጣን ነው። በዋናነት የሚመጣው ከኢንዶኔዥያዋ የሱማትራ ደሴት ነው። የዐረብ ነጋዴዎች ሉባን ጃዊ፣ ማለትም የጃቫ ዕጣን ብለው ይጠሩት ነበር። ቫኒላን የሚያስታውስ ጣፋጭ መዓዛ አለው።

እነዚህ ሙጫዎች ለየብቻ ወይም ተደባልቀው ይጤሳሉ። ዳሻንጋ የተባለው ዕጣን ለምሳሌ ስሙ እንደሚያመለክተው አሥር ነገሮች ተቀምመው የሚዘጋጅ ነው። በአምልኮው ማብቂያ በእሳት የሚቀርበው ካምፎር ግን ከእነዚህ ይለያል። ካምፎር አመድ ሳያስቀር የሚነድ ነጭ ባልጩት መሰል ነገር በመሆኑ፣ የሚቀርበውም ለጢሱ ሳይሆን ለነበልባሉ ነው።

በቤት ውስጥ የሚፈጸመው ሥርዓት

ዕጣን የሚያቀርበው ሰው አስቀድሞ ይታጠባል፤ የጸሎቱን ጥግ ያጸዳል፤ ያደረ አበባ ያነሣል። ማጨሻው ከሸክላ፣ ከነሐስ ወይም ከመዳብ የተሠራ ሲሆን፣ ፍሙ የሚቀመጥበት ሥፍራ እና እጅ እንዳያቃጥል የተሠራ መያዣ አለው። ከሰሉ ፈጽሞ ሳይቀላ ሙጫ አይጨመርም፤ ያልበሰለ ከሰል የራሱን ጢስ ከሙጫው ጋር ያደባልቃልና።

በብዙ ቤቶች ፍሙን በአፍ እፍ ማለት ነውር ነው። የአፍ ትንፋሽ ለአምላክ የሚቀርበውን ነገር ያረክሳል ተብሎ ስለሚታመን ፍሙ በማራገቢያ ይራገባል። በተመሳሳይ ምክንያት ለአምልኮ የተዘጋጀ አበባና ዕጣን ከመቅረቡ በፊት አይሸተትም። ጢሱ መውጣት ሲጀምር አቅራቢው በግራ እጁ ቃጭል እያቃጨለ፣ በቀኝ እጁ ማጨሻውን ወደ ቀኝ አቅጣጫ ያዞራል። ቀጥሎ መብራት ይቀርባል።

የሙጫው ጢስ ከአምልኮ ውጭም አገልግሎት አለው። በዝናብ ወራት ትንኝን ለማራቅ፣ ልብስን ለማጠን እና ከታጠቡ በኋላ ጠጉርን ለማድረቅ ይጠቅማል። በደቡብ ህንድ የጨቅላ ሕፃናትን ጠጉር በሳምብራኒ ጢስ ማድረቅ የቆየ ልማድ ነው። የሕፃናት ሳንባ ለጢስ ተጋላጭ በመሆኑ ግን ሐኪሞች ይህን አይደግፉትም። ለአዋቂዎችም ቢሆን ዕጣን በሚጤስበት ጊዜ መስኮት መክፈት ተገቢ ነው። መዓዛው ቢጣፍጥም ጢሱ እንደማንኛውም ጢስ ደቃቅ ብናኝ የያዘ ነውና፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ጥንቃቄ ይሻል።

በበዓላት ጊዜ

በዘወትር ቀን ቁንጥር የሚበቃው ሙጫ በበዓል ቀን በእፍኝ ይፈለጋል። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው በመስከረም ወይም በጥቅምት ወር በቤንጋል የሚከበረው የዱርጋ ፑጃ በዓል ነው። በበዓሉ ምሽቶች ዱኑቺ የተባለው ረጅም እግር ያለው የሸክላ ማጨሻ በኮኮናት ጭረት ይሞላል፤ ጭረቱ ሲቀጣጠል ዱኖ ይበተንበታል። ወንዶችና ሴቶች የሚጤሰውን ማጨሻ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ብልሃተኞቹም በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዳክ በተባለው ትልቅ ከበሮ ምት በዱርጋ ምስል ፊት ይጨፍራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በኮልካታ ከተማ የሚከበረውን የዱርጋ ፑጃ በዓል እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ2021 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል።

በደቡብ ህንድ የዘጠኙ ሌሊቶች በዓል የሆነው ናቫራትሪ ሲጠናቀቅ የሥራ መሣሪያዎች ይከበራሉ። ገበሬው ማረሻውንና ትራክተሩን፣ አናጢው መጋዙን፣ ሾፌሩ መኪናውን አጥቦ በአበባ ያስጌጣል፤ ዕጣንም ያጥናል። በጥር ወር በሚከበረው የፖንጋል የመከር በዓል ደግሞ አንዱ ቀን የከብቶች ነው። በሬዎችና ላሞች ይታጠባሉ፤ ቀንዳቸው ቀለም ይቀባል፤ የአበባ ጉንጉን ይጠለቅላቸዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ስለደከሙት ድካምም ምስጋና ይቀርባል።

በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ በሚውለው የመብራት በዓል በዲዋሊ፣ የሀብትና የበረከት አምላክ የሆነችው ላክሽሚ ወደ ጸዳና ወደ በራ ቤት ትገባለች ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ቤት ተጠርጎ፣ መብራት ተደርድሮና ዕጣን ተጢሶ ትጠበቃለች።

ሰንደል የለወጠው ገበያ

በህንድ ከተሞች የሙጫውን ሥፍራ በአብዛኛው የያዘው አጋርባቲ ነው። ይህ በሀገራችን ሱቆች ሰንደል ተብሎ የሚታወቀው የቀርከሃ ዘንግ ዕጣን ነው። የሚሠራው የከሰል ዱቄት፣ ሰጋቱራ እና የሚያጣብቅ የዛፍ ቅርፊት ዱቄት ተቦክቶ በቀርከሃ ዘንግ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሽቱ ውስጥ በመንከር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ፍም አይፈልግም፤ በአፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብም ይመቻል። አብዛኛው ግን የሙጫ ጠብታ የሌለበት እና በፋብሪካ ሽቱ የሚሸት ነው።

ለሳምብራኒም ፈጣን ምትክ ተበጅቶለታል። ከከሰል ዱቄት ተጠፍጥፎ የተሠራና በክብሪት ብቻ የሚቀጣጠል ዕጣን በደቡብ ህንድ ገበያ ኮምፒውተር ሳምብራኒ እየተባለ ይሸጣል። ስሙ ከኮምፒውተር ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ አዲስና ቀልጣፋ መሆኑን ለማመልከት የወጣ የገበያ ስም ነው።

የጥሬው ሙጫ ገበያም ከማጭበርበር አላመለጠም። ከጥድ ዛፍ የሚገኘው ርካሽ ሙጫ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ይህ ሙጫ በፍም ላይ ሲደረግ ጥቁር ጢስ እና የተርፔንታይን ሽታ ስለሚሰጥ ልምድ ያላት እመቤት ወዲያው ትለየዋለች።

የጉጉል ዛፍ አደጋ

ከአራቱ ሙጫዎች ከፍተኛ አደጋ ያንዣበበበት ጉጉል ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ2015 ተክሉን እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል መድቦታል። ይህ ምድብ ከዱር ፈጽሞ ከመጥፋት አንድ ደረጃ ብቻ የሚቀረው ነው።

ምክንያቱ የአመራረት ዘዴው ነው። ጉጉል አዝጋሚ ዕድገት ያለው ተክል በመሆኑ ለምርት የሚደርሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በባህላዊው አሠራር በበጋ ወራት ቅርፊቱ በስሱ ይቆረጥና ሙጫው ጠብቦ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉም እንዲድን ጊዜ ይሰጠዋል። የአምልኮውና የመድኃኒቱ ገበያ እየሰፋ ሲሄድ ግን ለቃሚዎች ጥልቅ ቁስል ማቁሰልና ፍሰቱን የሚያበዙ ነገሮችን በቁስሉ ላይ መቀባት ጀመሩ። እንዲህ የቆሰለ ዛፍ በአንድ ወቅት ብዙ ሙጫ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ይደርቃል። የግጦሽ ጫና እና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ደግሞ ችግኞች እንዳይተኩ አድርገዋል። በጉጃራት እና በራጃስታን ተክሉን በቁራጭ የማባዛትና መልሶ የመትከል ሥራ ቢጀመርም፣ የተተከለው ለምርት እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው።

ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ ያለው ዘመድ

የሁለቱ ዳርቻዎች የሙጫ ግንኙነት አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ስለ አዱሊስ ወደብም የሚተርከው የቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ የንግድ መዘርዝር፣ በኢንዱስ ወንዝ አፍ ወደ ነበረው ባርባሪኩም ወደብ ነጭ ዕጣን ይገባ እንደነበር፣ ከዚያው ወደብም ጉጉል ይወጣ እንደነበር መዝግቧል። አንዱ ምድር የሌላውን ሙጫ ያጤስ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የሚጋሩት ሥጋትንም ነው። በመተማ፣ በቋራ እና በሌሎች የሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች ነጭ ዕጣን የሚሰጠው ዋልያ መቀር ተመሳሳይ አደጋ አለበት። እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ2019 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ እና በሱዳን በሚገኙ አብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ወጣት ዛፎች አሮጌዎቹን እየተኩ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሁኔታው ካልተለወጠ ምርቱ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችልም አመልክቷል። ከመጠን ያለፈ ማቁሰል፣ የሰደድ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ እና የእርሻ መስፋፋት በምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

መፍትሔውም በሁለቱም ምድር ተቀራራቢ ነው። የቁስሉን ብዛት በዛፉ ውፍረት ልክ መወሰን፣ ያልጎለመሰን ዛፍ አለመንካት፣ በምርት ላይ የቆየን ዛፍ ለተወሰኑ ዓመታት ማሳረፍ እና ችግኝ የሚበቅልበትን ሥፍራ ከከብትና ከእሳት መከለል ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ለቃሚው ለጥራት የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ ነው። በኪሎ ብዛት ብቻ የሚከፈለው ሰው ዛፉን የሚያሳርፍበት ምክንያት የለውም።

የአምላኪው ድርሻም ቀላል አይደለም። የሂንዱ እምነት በፍቅር የቀረበ ጥቂት ስጦታ ተቀባይነት እንዳለው ያስተምራል፤ ሥርዓቱም የሙጫውን መጠን አይደነግግም። በበሰለ ፍም ላይ የተጨመረ ንጹሕ ቁንጥር ሙጫ አንድን ቤት ለማጠን ይበቃል። ያ ቁንጥር ለልጅ ልጅም እንዲተርፍ፣ የዛፉ ቁስል ከመጪው በጋ በፊት መዳን ይኖርበታል።