ከአበበ በፊት የነበሩት

ብስክሌት የለመድኩት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ በኪራይ ነው። ሩብ ሰዓት ለስሙኒ። እግራችን ስለማይደርስ ኮርቻው ላይ አንወጣም ነበር፤ ቀኝ እግራችንን ከመሐለኛው ብረት ሥር አሾልከን፣ ወገባችንን አጣመን እንነዳለን። ሰዓቱ ሲሞላ አከራዩ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ያፏጫል። ፉጨቱን ያልሰማ መስሎ የሄደ በማግስቱ አይከራይም።

ዛሬ ጎሚስታ ነኝ። በገበያ ቀን ከቡሬ መንገድ በርበሬ ጭኖ የሚመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ጎማው መንገድ ላይ ተንፍሶ ይመጣል። የውስጥ ጎማውን አውጥቼ ሳፋ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ። አረፋ ያወጣችውን ቀዳዳ በጣቴ ይዤ አደርቃትና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ማስቲሽ እቀባታለሁ። ማስቲሹ እስኪይዝ ወሬ አለ።

ወሬው ስፖርት ከሆነ ሁሉም የሚጀምረው ከአበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 1952፣ ሮም፣ በባዶ እግር። እኔ ደግሞ «ከእሱ በፊትስ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ኦሊምፒኳን የተሳተፈችው ኅዳር 1949 ሜልቦርን ላይ ነው። ከሯጮቹ ጋር አራት ብስክሌተኞች ሄደው ነበር፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋና እና ፀሐዬ ባህታ። በጎዳናው ውድድር በቡድን 9ኛ ወጡ። ገረመው ሮምም ተወዳድሯል፤ የሮም ነገር ሲነሣ ግን የአበበ ወርቅ ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል።

ከዚያ ወዲህ ስሙ የገነነው የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ነው። በ2008 ክረምት ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2009 ባሕሬን ሜሪዳ የሚባል ቡድን ሲገባ፣ ከሊቱዌኒያዊው ራሙናስ ናቫርዳውስካስ ጋር አንድ መለያ ለበሰ። ናቫርዳውስካስ ሐምሌ 2006፣ በዚሁ ቱር 19ኛ የውድድር ቀን፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ በዝናብ ቤርዠራክ ከተማ ቀድሞ የገባ ነው። ከአገሩ የቱሩን አንድ ቀን ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ሊቱዌኒያ ደግሞ ሕዝቧ 3 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም።

ይህን ስነግረው ልጁ ሣቀ። «ጋሼ፣ በርበሬውን ማን ይሸከምለታል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ብስክሌት የአህያ ወንድም ነው፤ ጆንያ ይሸከማል እንጂ ቁጥር ለጥፎ አይወዳደርም። ይሁን እንጂ ይህ ልጅ ከቡሬ እስከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም፣ ማርሽ በሌለው ብስክሌት ከነጭነቱ ይመጣል። ማንም ሰዓት ይዞለት አያውቅም።

«ገበያው ሳይፈታ ቶሎ ጨርስልኝ» አለ። ጎማውን ነፋሁለት፤ ጆንያውን አጥብቆ አስሮ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ድሮው አከራይ አፏጨሁበት። ዞር ብሎ አየኝ። በእጄ «ሂድ፣ ሂድ» አልኩትና፣ እስኪታጠፍ ድረስ ሰዓቴን ስመለከት ቆየሁ።