የባለሙያው የሥራ እርካታ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ

በየወረዳው ከተማ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመላለስ አርሶ አደር ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ያውቃል። አንዱ ማመልከቻውን ተቀብሎ የጎደለውን ሰነድ ያመለክታል፤ መዝገቡ በቦታው ካልተገኘም ከወንበሩ ተነሥቶ ይፈልጋል። ሌላው አንገቱን ሳያቀና «ነገ ይመለሱ» ይላል። ከራቀ የደራ ወረዳ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ አንበሳሜ ለደረሰ ሰው «ነገ» ማለት የአንድ ቀን እርሻ ማለት ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ግን አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረው፣ እኩል ደመወዝ የሚከፈላቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

የአስተዳደር ሳይንስ ይህን ልዩነት የሚመረምረው በሥራ አመለካከት እና በሥራ እርካታ በኩል ነው። የሥራ አመለካከት ሠራተኛው ስለ ሥራው የሚያምነውን፣ ለሥራው የሚሰማውን እና በዚያ መነሻነት ሊያደርግ የሚያዘነብለውን ነገር ያጠቃልላል። የሥራ እርካታ ደግሞ ከሥራው ይጠብቀው የነበረውን ካገኘው ጋር ሲያነጻጽር የሚሰማው ደስታ ወይም ቅሬታ ነው።

እርካታ ያለው ሠራተኛ በእርግጥ የተሻለ ይሠራል? መልሱ «አዎ» ቢሆንም ብዙዎች የሚገምቱትን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ሰፊ ትንተና ከ54 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ያካተቱ ከ300 በላይ ናሙናዎችን አንድ ላይ መርምሮ በእርካታ እና በሥራ አፈጻጸም መካከል 0.30 የሚጠጋ ዝምድና አግኝቷል። ፍጹም ዝምድና 1 ስለሆነ ይህ መካከለኛ የሚባል ነው። በዚያው ትንተና ዝምድናው የሠራተኛውን ውሳኔ እና ማመዛዘን በሚጠይቁ ውስብስብ ሥራዎች ላይ ይበልጥ ይጠነክራል።

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች የሚሠራ የግብርና ልማት ሠራተኛ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አሠራሩ በየቀበሌው ሰብልን፣ እንስሳትን እና የተፈጥሮ ሀብትን የሚከታተሉ ሦስት ባለሙያዎች እንዲመደቡ የሚያዝ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ወረዳ ላይ ነው። ባለሙያው ወደ አርሶ አደሩ ማሳ ወርዶ የስንዴ ዋግ ምልክት መኖሩን ይፈትሽ፣ ወይስ ከቢሮ ሳይወጣ ሪፖርቱን ይሙላ፣ በዕለቱ የሚያየው የለም። ዋግ ደግሞ በነፋስ ይዛመታል፤ በጊዜ ካልተደረሰበት ማሳውን ያጠፋል። የባለሙያው ስሜት በወረቀት ላይ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ጎተራ የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ያልረካ ሠራተኛ የሚያደርገውን በተመለከተ አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን ለይቷል፤ ለቅቆ መሄድ፣ ቅሬታን መናገር እና በታማኝነት መቆየት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አራተኛውን ጨመሩ፤ ቸልታ። ተገልጋዩን ክፉኛ የሚጎዳው ይህ ነው። የሚለቅ ሰው በሌላ ይተካል፤ የሚናገርም መፍትሔ ሊያገኝ ይችላል። ሌላ ሥራ ባለመኖሩ መልቀቅ ያልቻለ፣ ተናግሮም ሰሚ ያጣ ሰው ግን ልቡ ከወጣ በኋላ አካሉ ብቻ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አርፍዶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ ፊርማው ግን አይጓደልም።

ቅሬታው ከደመወዝ ቢጀምር አይገርምም። በ2017 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1 ሺህ 100 ብር ወደ 4 ሺህ 760 ብር፣ የ2018ቱ ደግሞ ወደ 6 ሺህ ብር አሳድጎታል። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋም አብሮ ንሯል። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር በፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 203 መሐንዲሶችን እና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቆ የደረሰበት ድምዳሜ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእርሱ አገላለጽ ደመወዝ፣ የቢሮ ሁኔታ እና የአለቃ ጠባይ ሲጓደሉ ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታን ከማስወገድ አልፈው ትጋትን አይፈጥሩም። ትጋትን የሚፈጥሩት የሥራው ውጤት፣ እውቅና፣ ኀላፊነት እና እድገት ናቸው። ድምዳሜው ብዙ ትችት የቀረበበት ነው፤ ደመወዙ ለወር ቀለብ ለማይበቃው ሰው ስለ እውቅና ማውራትም ቀልድ ይመስላል። ቢሆንም ጭማሪ በተደረገ ማግስት የአገልግሎት አሰጣጡ ለምን ወዲያው እንደማይለወጥ በከፊል ያስረዳል።

ከደመወዝ ያላነሰ የሚያሳዝነው የሥራው መደበላለቅ ነው። የልማት ሠራተኛው አርሶ አደሩን እንዲያስተምር ተመድቦ ሳለ የማዳበሪያ ብድር እንዲያስመልስ፣ ግብር እንዲያሰባስብ፣ ለስብሰባ ሰው እንዲጠራ ሲታዘዝ ሁለት ነገር ይፈርሳል። ባለሙያው በሙያው ያለው ኩራት ይቀንሳል፤ አርሶ አደሩም ዛሬ ስለ ዘር መስመር የሚመክረውን ሰው ነገ ዕዳ ጠያቂ ሆኖ ስለሚያገኘው ምክሩን በጥርጣሬ ይሰማል። ምክሩ የማይደመጥለት ባለሙያ ደግሞ የሥራውን ውጤት አያይም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የቆየው የጸጥታ ችግርም ብዙ ባለሙያዎችን ከሚያገለግሉት ሕዝብ አርቋቸዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከዚህ የተለየ መንገድ ተከትሎ ነበር። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ባለሙያዋ የምታስተምራቸው እናቶች ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ያስከተበቻቸው ልጆች በዓይኗ ፊት ያድጋሉ። ከሥራ ውጤት የሚገኝ እርካታ ከዚህ በላይ ሊቀርብ አይችልም። ጉድለቱ የታየው በሌላ በኩል ነው፤ ዓመታት አልፈው ዝውውር እና የትምህርት እድል ሲዘገይ ያ የመጀመሪያ ጉጉት መቀዝቀዙ አልቀረም። ደረጃቸውን በትምህርት የሚያሻሽሉበት መንገድ የተከፈተውም ከዚህ በኋላ ነው።

ሥራን በትእዛዝ ብቻ ማሠራት የት እንደሚያደርስ ከደብረ ታቦር ከተማ አቅራቢያ ያለችው ጋፋት ታስታውሳለች። ዐጼ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ ሰዎቹ ሙያው እንደሌላቸው ቢናገሩም አልተለቀቁም። ደጋግመው ከከሸፈ ሙከራ በኋላ ተሳካላቸው፤ ሴባስቶፖል ተሠራ። ንጉሡ ሥራውን በቅርብ ይከታተሉ፣ ባለሙያዎቹንም ይሸልሙ ነበር፤ ቁጣቸው ግን ከሽልማቱ ጎን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቅቀው ሄዱ፤ የጋፋት ምድጃም በዚያው ጠፋ።

የሠራተኛውን ሁኔታ ወደ ላይ የሚያደርስ አንድ መንገድ በተገልጋዩ እጅ አለ። በበርካታ የጤና ተቋማት ነዋሪዎች ተሰብስበው ለአገልግሎቱ ነጥብ የሚሰጡበት አሠራር ተዘርግቷል። ነጥቡ የሚሰጠው በባለሙያው አክብሮት እና በመቆያ ጊዜ ላይ ብቻ አይደለም፤ በመድኃኒት መኖር፣ በተቋሙ ንጽሕና እና በመሠረተ ልማቱም ጭምር ነው። ስለዚህ ውኃ በሌለበት ጤና ተቋም የምትሠራ ባለሙያ ለዓመታት ስታነሣው የኖረችው ጥያቄ በነዋሪዎቹ ስም ለወረዳው ሊቀርብ ይችላል።