ሥራና ስፍራ በሐኪም ትምህርት፤ ከጎንደር ኮሌጅ እስከ ሐብሩ ቆላ

ከወልድያ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ መርሳና የሐብሩ ቆላ ይገኛሉ። በዚያ አገር ማሽላው በሚያፈራበት ወራት ጠባቂው ከአውሬ ሊከላከለው በማማ ላይ ያድራል፤ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትነድፈው ሌሊት ነው። ከደጋ ለሥራ የወረደ ሰው ወደ ቀዬው ተመልሶ ቢታመም፣ ሐኪሙ የት እንደ ሰነበተና ምን ሲሠራ እንደ ነበረ ካልጠየቀው የበሽታው መነሻ ሊሰወረው ይችላል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ወደ አገራችን የጤና ትምህርት እንዴት እንደ ገባ በአጭሩ እንመረምራለን።

ጥያቄው ራሱ አሮጌ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም ራማዚኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም ሕመምተኛውን ስለ ሥራው ጭምር እንዲጠይቅ አሳስቧል።

በእኛ አገር ለዚህ ዐይነቱ ትምህርት ሰፊ በር የከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በ1953 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈጅቶ ነበርና፣ በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ ተባብሮ ኮሌጁን አቋቋመ። በዚያም የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በኅብረት እንዲሠሩ ይሠለጥኑ ነበር። መኰንኑ ሐኪም በሌለበት አውራጃ ሕመምተኛን ያክማል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች፤ ሦስተኛው ምንጩን፣ መጸዳጃውንና ቤቱን ይመረምራል። እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በተግባር ሲማሩም፣ በሽተኛው ከመጣበት ስፍራ ተለይቶ እንደማይታይ ተረዱ።

የዚህም አስፈላጊነት ብዙ ሳይቈይ ታየ። በ1958 የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ፣ በሽታው እምብዛም ወደማይታወቅባቸው ከፍተኛ ስፍራዎች ጭምር ወጥቶ ወደ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው ሲይዝ፣ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል።

በኋላ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። ጎንደር በ1978 የሐኪሞች ትምህርት ቤት ኾነ፤ የጤና መኰንኖች ሥልጠናም ተቋርጦ ቈይቶ በ1990ዎቹ ዓመታት እንደገና ተጀመረ። ሐኪም መብዛቱ ለሕዝብ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሐኪሙ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ብቻ ከተማረ፣ ማማውን፣ ጭስ የመላበትን ማድ ቤትና አትክልተኛው በጀርባው አዝሎ የሚረጨውን ፀረ ተባይ የሚያይበት ዕድል የለውም።

ዛሬ ወልድያ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሐብሩም ቆላ ሩቅ አይደለም። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚማር ሁሉ ከትምህርቱ ጊዜ ከፍሎ ወደ እርሻው ቢወርድ፣ የጎንደር መሥራቾች የጀመሩት ሥራ ይቀጥላል። ያለዚያ ግን ሐኪሙ ያዳነውን ሰው ወደ ታመመበት ስፍራ መልሶ ይሰደዋል፤ በሚቀጥለውም መኸር ያንኑ ሰው በዚያው በሽታ ታሞ ያገኘዋል።