የብረት ብርታትና ስስ ገጹ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሑድ ሜይ 8 ቀን 1842 ቬርሳይ በንጉሡ በዓል ላይ ውለው ወደ ፓሪስ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ ባቡር፣ ከፊት የነበረው ሎኮሞቲቭ አክስሉ ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ። ተከታዮቹ ፉርጎዎች በላዩ ተከመሩ፤ እሳትም ተነሣ። በሮቹ በቁልፍ ተዘግተው ስለነበር ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም አንዱ የደቡብን ባሕሮች ያሰሰው ዱሞን ዱርቪል ሲሆን ከሚስቱና ከልጁ ጋር በዚያው አለቀ።

በዚያ ዘመን ሸክሙን ለብዙ ጊዜ ያለ ችግር የተሸከመ አክስል በድንገት መሰበሩ እንግዳ ነገር አልነበረም። ጉዳዩን በፈተና ያጣራው ፕሩስያዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ብረትን ደጋግሞ እያጎበጠ፣ አንድ ጊዜ ሲያርፍበት ምንም የማያደርሰው ጫና እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰብረው አሳየ፤ ውጤቱንም በ1870 አጠቃልሎ አሳተመ። የብረት ዝለት የምንለው ይህ ነው።

አክስሎች በብዛት ከሚሰበሩባቸው ቦታዎች አንዱ ግን መንኰራኩሩ በግፊት ገብቶ የጠበቀበት ክፍል ነበር። እንዲህ የጠበቀ ነገር ይፋተጋል ብሎ የሚጠረጥር አይገኝም። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ቶምሊንሰን በ1927 ባሳተመው ጥናት፣ ዓይን የማያየው እጅግ ጥቃቅን መንሸራተት ብቻውን የሁለት ብረቶችን ገጽ እንደሚያበላሽና ቀይ ቡናማ ብናኝ እንደሚያወጣ አስረዳ። በዚህ ዓይነት የተጎዳ ገጽ ደግሞ ለዝለት ስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

መፍትሔው የተገኘው ገጹን ከመጨመቅ ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካው የቲምኬን ኩባንያ መሐንዲስ ኦስካር ሆርገር የአክስልን ገጽ በጠንካራ ሮለር እየዳመጠ ብርታቱን በእጅጉ አሳደገ። የተዳመጠው ንብርብር ሊለጠጥ ሲል ከሥሩ ያለው ያልተነካ ብረት ስለሚከለክለው ተጨምቆ ይቀራል፤ ስንጥቅ ደግሞ የሚከፈተው ሲሳብ እንጂ ሲጨመቅ አይደለም። ቅርጻቸው ለሮለር የማይመች እንደ ስፕሪንግና ጥርስ ያሉ ዕቃዎች በጥቃቅን የብረት እንክብሎች ውርጅብኝ መደብደብ ጀመሩ። ድብደባው በቂ መሆኑ በምን ይታወቃል? ለዚህ መልስ የሰጠው የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ጆን አልመን ነው። 76 ሚሊሜትር ርዝመትና 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ ብረት ከወፍራም ብረት ላይ ታስሮ በአንድ ወገኑ ይደበደባል፤ ሲፈታ ይጎብጣል፤ የጉብጠቱም ከፍታ ይለካል። አልመን በ1944 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዘዴ ርካሽነቱን ያየ ሰው ሊንቀው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከብዙ የተራቀቁ መሣሪያዎች ይበልጥ አገልግሏል።

ሆኖም በእንክብል የተደበደበ ዕቃ ብርታቱን የሚያገኝበት ንብርብር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ በፍትጊያ ሲበላ የዕቃው ልክ እምብዛም ሳይለወጥ ብርታቱ ሊሄድ ይችላል፤ ማይክሮሜትር የያዘ ባለሙያም ይህን አያነበውም። መበላትን ለመከላከል ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ጠንካራ የክሮም ልባጥ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ እግር ፒስተኖችም የሚለበጡት በዚሁ ነበር። ችግሩ ጠባቂው ራሱ ጎጂ መሆኑ ነው። ክሮሙ በውስጡ የመሳብ ውጥረትና ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይዞ ይቀመጣል፤ ከልባጡ ገንዳ የሚወጣው ሃይድሮጂንም ጠንካራውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለሆነም ሥራው ቅደም ተከተሉን የግድ መጠበቅ አለበት፤ ይኸውም ዕቃው መጀመሪያ ይደበደባል፤ ቀጥሎ ይለበጣል፤ ወዲያውም 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሃይድሮጂኑ ይወጣለታል። ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ከናረ ግን በድብደባ የተገኘው መጨመቅ ይላላል። ከልባጡ በኋላ የሚደረገው ሞረዳም ቸኩለው ከሠሩት፣ ከክሮሙ ሥር ያለውን ብረት ከውጭ ሳይታይ ያቃጥለዋል።

ጥንካሬንና መጨመቅን በአንድነት የሚሰጥ ዘዴ አልነበረም ማለት አይደለም። በጀርመን የክሩፕ ኩባንያ ባልደረባ አዶልፍ ፍሪ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያዳበረው ናይትሮጂንን ወደ ብረት የማስረጽ ዘዴ ሁለቱንም ያሟላል፤ የሞተር ክራንክ ሻፍት በዚህ እጅግ ተጠቅሟል። ነገር ግን 500 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ስለሚጠይቅ፣ በ300 ዲግሪ አካባቢ ተሞቆ ብርታቱን ላገኘው የማረፊያ እግር ብረት አይሆንም።

በ1980ዎቹ የተንግስተን ካርባይድና የኮባልት ዱቄትን ከድምፅ በፈጠነ ነበልባል የሚረጭ ዘዴ መጣ። በአግባቡ ከተሠራ የዝለትን ብርታት ከክሮም ያነሰ ይጎዳል፤ የልባጥ ገንዳም ስለሌለው የገንዳ ሃይድሮጂን የለበትም። ከ1990ዎቹ ወዲህ በማረፊያ እግሮች ላይ እንዲስፋፋ ከገፉት ነገሮች ዋነኛው ግን ዝለት ሳይሆን የሠራተኛው ጤና ነው። የክሮም ልባጥ ትነት ካንሰር ስለሚያመጣ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2006 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን በሜትር ኩብ ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አደረገ። ይሁንና የነበልባሉ መርጫ ጠባብ የሲሊንደር ውስጥ ግድግዳ ስለማይደርስ የክሮም ገንዳው ፈጽሞ አልቀረም። ዕቃው ወደ ገንዳው ከመግባቱ አስቀድሞም እንክብሉ ይረጫል፤ የአልመን ስስ ብረትም ይለካል።